በጋራ የሰነድ ማኅደር የሠራተኞችን ፈቃድ ስለ መስጠትና ስለ መሻር

የንግድ ቤት ሀብት በመጋዘን የተከመረው ዕቃና በካዝና የተቈለፈው ገንዘብ ብቻ አይደለም። የዱቤ መዝገብ፣ ከአቅራቢዎች ጋር የተደረገ ውል፣ የመግዣና የመሸጫ ዋጋ ዝርዝር፣ የደመወዝ ሰነድ፣ ለግብር የሚቀርበው ሒሳብ፣ እነዚህ ሁሉ ከዕቃው ያላነሰ ዋጋ አላቸው። ዕቃ ቢጠፋ በሌላ ዕቃ ይተካል፤ ማን ስንት እንደ ወሰደና ስንት እንደ ከፈለ የሚያሳየው መዝገብ የጠፋ እንደ ሆነ ግን ገንዘቡም አብሮ ይጠፋል።

ይህን ለወልድያና ለመርሳ ነጋዴ ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ነው። ወልድያ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በጦርነት ተይዛ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በቆየችበት ጊዜ በከተማይቱና በአካባቢዋ ያሉ መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮችና ንግድ ቤቶች ተዘርፈዋል፤ በየመደርደሪያው ከነበረው ወረቀትም ብዙው ተበትኖና ተቃጥሎ ቀርቷል። እንዲህ ያለውን ጥፋት በዓይኑ ያየ ነጋዴ ሰነዱን በአንድ ቤት ግድግዳ ውስጥ ብቻ ከማኖር ይልቅ በኮምፒውተር ገልብጦ በሩቅ ሰርቨር ማስቀመጥን ቢመርጥ የሚያስደንቅ አይደለም። ጉግል ድራይቭ፣ የማይክሮሶፍት ዋን ድራይቭና ሼርፖይንት፣ ድሮፕቦክስ የሚባሉት አገልግሎቶች ለዚህ የተዘጋጁ ናቸው። በወልድያ ያለው ዋና ቤትና በሀብሩ ወረዳ ከተማ በመርሳ ያለው ቅርንጫፍ በመካከላቸው 30 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ቢኖርም፣ አንዱን ሰነድ በአንድ ጊዜ ለማየትና ለመጻፍ ይችላሉ።

ነገሩ መልካም ቢሆንም አዲስ ጥያቄ ይዞ መጥቷል። ወረቀት በቁም ሣጥን ውስጥ ሲኖር ጠባቂው ብዙ ነው፤ ግድግዳው፣ ቁልፉ፣ ዘበኛው፣ የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ዓይን። ሰነዱ በጋራ ማኅደር ከገባ በኋላ ግን ዋናው ጠባቂ አንድ ነው፤ እርሱም ማን ምን እንዲያደርግ እንደ ተፈቀደለት የሚናገረው የፈቃድ ዝርዝር ነው። ይህ ዝርዝር የተበላሸ እንደ ሆነ ማኅደሩ በሩ ሳይዘጋ እንዳደረ መጋዘን ይሆናል። መጋዘኑ ተከፍቶ ማደሩ ግን በማግሥቱ ጠዋት ይታያል፤ የማኅደሩ መከፈት ዓመታት ቢያልፉም ማንም ላያውቀው ይችላል።

ፈቃድ ሲባል አንድ ዓይነት ብቻ እንዳይመስል ደረጃውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በጉግል ድራይቭ ደረጃዎቹ አራት ናቸው። የመጀመሪያው ማየት ብቻ ነው፤ ሁለተኛው አይቶ በኅዳጉ አስተያየት መጻፍ ነው፤ ሦስተኛው ሰነዱን ማረም ነው፤ አራተኛው ባለቤትነት ነው። በሌሎቹ አገልግሎቶች ስያሜው ይለያይ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከእነዚህ ሁለቱን አቅልሎ በማየት ነው። «ማየት ብቻ» የተፈቀደለት ሰው፣ ባለቤቱ ለይቶ ካልከለከለው በቀር፣ ሰነዱን ወደ ኮምፒውተሩ ማውረድ፣ መገልበጥና ማተም ይችላል። «ማረም» የተፈቀደለትም እንደዚሁ፣ ይህ ሥልጣን ካልተነሣው፣ ለሌላ ሰው ፈቃድ መስጠት ይችላል። አንድ ሠራተኛ ሠንጠረዥ ይሙላ ተብሎ የማረም ፈቃድ ሲሰጠው፣ ቁልፍ የመቅረጽ መብትም አብሮ ተሰጠው ማለት ነው። ሁለቱንም የሚዘጉት ትንንሽ ምልክቶች በማጋሪያው ገጽ ውስጥ በማስተካከያው ሥር ይገኛሉ፤ የሚከፍታቸው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ሌላው የሚዘነጋው ነገር ፈቃድ ከላይ ወደ ታች መውረዱ ነው። ለአንድ ማኅደር የተሰጠ ፈቃድ በውስጡ ላለው ሰነድ ሁሉ፣ ነገ ለሚጨመረውም ጭምር ይደርሳል። «የመርሳ ቅርንጫፍ» በሚል ማኅደር ውስጥ ለመጋዘን ሠራተኛው የገቢና የወጪ መዝገብ እንዲያይ የተሰጠው ፈቃድ፣ ከስድስት ወር በኋላ የደመወዝ ሰነድ እዚያው ቢቀመጥ የባልንጀሮቹን ደመወዝ ያሳየዋል። በዚህ ጊዜ ፈቃድ የሰጠ ሰው የለም፤ ሰነዱን ያለ ቦታው ያስቀመጠ ሰው ነው ያለው። ስለዚህ የማኅደር አከፋፈል ከፈቃድ አሰጣጥ ይቀድማል። ማኅደሮች በዓመት ወይም በቅርንጫፍ ከመከፈላቸው በፊት ማን ሊያያቸው እንደሚገባ ታስቦ ቢከፈሉ ኋላ የሚመጣው ድካም ግማሽ በግማሽ ይቀላል።

ከደረጃዎቹ ሁሉ ውጭ የሆነ አንድ በር ደግሞ አለ፤ ይኸውም «ሊንኩ ያለው ማንኛውም ሰው» የሚለው ነው። በዚህ የተከፈተ ሰነድ ስም አይጠይቅም። ምን ያህል እንደሚጐዳ ለማየት፣ በወልድያ ዋና ቤት፣ በመርሳና በውርጌሳ የመግዣ መጋዘን ያለው አንድ የእህልና የሽንኩርት ነጋዴ አለ እንበል። ዋና ቤቱ በየማለዳው ለገዢዎቹ በኩንታል እስከ ስንት ብር መግዛት እንደሚችሉ የሚያሳውቅ የዋጋ ሠንጠረዥ ያወጣል። ጊዜ ለመቈጠብ ሲባል ሠንጠረዡ በሊንክ ተከፍቷል። ከገዢዎቹ አንዱ የመኪናውን መድረሻ ሰዓት ለማሳየት ሊንኩን ለአንድ ሾፌር ይልካል፤ ሾፌሩ ለጓደኛው፣ ጓደኛውም ለደላላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደላላው ጣሪያውን እያወቀ ይደራደራል፤ ገበሬው ከሚቀበለው በላይ ያለውን ልዩነት ሁሉ ለራሱ ያደርጋል። በኩንታል 150 ብር ብቻ ቢጨምር፣ በ200 ኩንታል 30,000 ብር ነው። ሌባ አልገባም፤ ቁልፍ አልተሰበረም፤ የሒሳብ መዝገቡም ጉድለት አያሳይም። ነጋዴው የሚያየው ገበያው እየከፋ መሄዱን ብቻ ነው። ገበሬውም ያገኘው ነገር የለም።

ከዚህም የሚብስ አለ፤ እርሱም የባለቤትነት ነገር ነው። በብዙ ንግድ ቤት የጋራ ማኅደሩን መጀመሪያ የሚከፍተው ኮምፒውተር የሚያውቀው ወጣት ጸሐፊ ነው፤ የሚከፍተውም በገዛ ኢሜይሉ ነው። የቤቱ ጌታ «ማኅደሩ የእኔ ነው» ብሎ ያምናል፤ ሰነዱን በየቀኑ ያያልና። በአገልግሎቱ ዘንድ ግን ባለቤት ማለት ሰነዱን የፈጠረው ሰው ነው። በግል የጉግል ሒሳብ እስከ ሆነ ድረስ፣ ማኅደሩ የነጋዴው ቢሆንም እንኳ ጸሐፊው በውስጡ የፈጠረው ሠንጠረዥ የጸሐፊው ንብረት ሆኖ ይቈጠራል። ጸሐፊው የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ማንም ይህን አያስብም፤ ሠንጠረዡ እንደ ወትሮው ይሠራል። እርሱም ያን ኢሜይል ትቶ አዲስ ይከፍታል። ጉግል ደግሞ እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2023 ባወጣው ደንብ፣ ለሁለት ዓመት ያልተሠራበትን የግል ሒሳብ በውስጡ ካለው ሰነድ ጋር ሊሰርዝ እንደሚችል አስታውቋል፤ ስረዛውም ከዚያው ዓመት ታኅሣሥ ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። እንግዲህ ጸሐፊው በማንም ላይ ክፉ ሳያስብ፣ ነጋዴውም አንዳች ስሕተት ሠራሁ ሳይል፣ የሦስት ዓመት የዱቤ መዝገብ አንድ ቀን ከገጹ ላይ ሊታጣ ነው።

መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። ሰነዱ በቤቱ ስም እንጂ በሠራተኛ ስም መከፈት የለበትም። አቅም ያለው ቤት ለድርጅት የሚሸጠውን አገልግሎት ቢይዝ፣ በዚያ ውስጥ የጋራ ድራይቭ የሚባለው ክፍል ሰነዱን የፈጣሪው ሳይሆን የድርጅቱ ያደርገዋል፤ ሠራተኛው ቢሄድ ሰነዱ ይቀራል። ይህን መክፈል ያልቻለ ትንሽ ቤት በንግድ ቤቱ ስም አንድ ሒሳብ ከፍቶ፣ ያን ሒሳብ ለዕለት ሥራ ሳይጠቀምበት ለባለቤትነት ብቻ ሊያኖረው ይችላል። አስቀድሞ በሠራተኞች ስም የተከፈቱትም ሰነዶች ሠራተኛው በሥራው ላይ ሳለ በፈቃዱ ማዛወር ይቻላል፤ ባለቤቱ ያስተላልፋል፣ ተቀባዩም መቀበሉን ያረጋግጣል። ከሄደ በኋላ ግን በልመና የሚገኝ ነገር ይሆናል።

ባለቤትነቱ ከተስተካከለ በኋላ ለማን ምን ይሰጥ የሚለው ይከተላል። በዚህ ረገድ የሚጠቀሰው አሳብ የቆየ ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ጄሮም ሶልትዘርና ማይክል ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ማንኛውም ተጠቃሚ ሥራውን ለመፈጸም ከሚበቃው ያለፈ ሥልጣን ሊኖረው አይገባም የሚለውን መመሪያ አስፍረዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ዴቪድ ፌራዮሎና ሪቻርድ ኩን የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት ፈቃድ ለሰው ስም ሳይሆን ለሥራ መደብ እንዲሰጥ የሚያስችለውን ሥርዓት በጽሑፍ አቀረቡ። ለሰሜን ወሎ ነጋዴ ግን ነገሩ እንግዳ አይደለም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ዕቃ በሞዴል 20 እንደሚጠየቅ፣ በሞዴል 19 ገቢ እንደሚሆን፣ በሞዴል 22 ወጪ እንደሚሆን ያውቃል። ጠያቂው፣ ፈቃጁና ዕቃ ግምጃ ቤቱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ፊርማውም የሚከተለው ስሙን ሳይሆን ወንበሩን ነው። በኮምፒውተርም መደረግ ያለበት ይኸው ነው።

በተግባር ሲሆን በእያንዳንዱ ሰነድ ላይ የሰው ስም ከመለጠፍ ይልቅ «ገንዘብ ያዥ»፣ «መጋዘን»፣ «ግዢ»፣ «ሒሳብ» የሚሉ ቡድኖች ይቋቋማሉ፤ ማኅደሩም ለቡድኑ ይፈቀዳል። አዲስ ገንዘብ ያዥ ሲቀጠር ወደ ቡድኑ ማስገባት ብቻ ይበቃል፤ የቀድሞው ሲለቅ ከቡድኑ ማውጣት ነው። አንድ ሰው ከግዢ ወደ ሒሳብ ክፍል ሲዛወር አዲሱን ሰጥቶ የቀድሞውን መተው የተለመደ ጥፋት ነው፤ በአንድ ቤት አሥር ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በመጨረሻ ከሥራ አስኪያጁ የበለጠ በር የሚከፍትለት በዚህ ምክንያት ነው። እዚህ ላይ የብዙ ቤት አለቆች «ታማኝ ሠራተኛዬ ነው፤ ምን ያደርገኛል» ማለታቸው አይቀርም። መታመኑ ላያጠራጥር ይችላል፤ ነገር ግን በታማኙ ስልክና በታማኙ የይለፍ ቃል ሌላ ሰው ሊገባ ይችላል። ደግሞም ጉድለት በተገኘ ጊዜ ያላየውን ሰነድ አላየሁም ለማለት የሚችለው ያልተፈቀደለት ሠራተኛ ነው። ፈቃድን ማጥበብ ለሠራተኛውም ከለላ ነው።

አንድ ሰው ሁለት ወንበር በያዘ ጊዜ የሚደርሰውን የንግዱ ዓለም ከቤሪንግስ ባንክ ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1762 የተቋቋመው ይህ የለንደን ባንክ በሲንጋፖር ያለው ወኪሉ ኒክ ሊሰን ይገበያይም፣ የራሱን ግብይት ሒሳብም ይቈጣጠር ስለ ነበር፣ ኪሳራውን በአንድ የስሕተት ማስተካከያ ሒሳብ ውስጥ ደብቆ 827 ሚሊዮን ፓውንድ አደረሰው፤ ባንኩም በየካቲት ወር 1995 ወደቀ። በትንሽ ንግድ ቤት ይህ የሚገለጸው የዱቤ መዝገቡን የሚጽፈውና ከደንበኛ ገንዘብ የሚቀበለው አንድ ሰው ሲሆን ነው። ሠራተኛ ካነሰ ሁለቱን ሥራ መለየት ይከብዳል፤ ቢያንስ ግን ገንዘብ ተቀባዩ የዱቤ መዝገቡን እንዲያይ እንጂ እንዳያርም ማድረግ ይቻላል፤ ይህም ወጪ የለውም።

ከፈቃድ ጋር አብሮ የሚሄደው ነገር ስም ነው። አምስት ሠራተኞች በአንድ ሒሳብና በአንድ የይለፍ ቃል የሚገቡ ከሆነ የፈቃድ ዝርዝር አለ ማለት አይቻልም። በመዝገቡ ላይ ማን እንዳረመ የሚያሳየው መስመር አንድ ስም ብቻ እየደጋገመ ይጽፋል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አሠራር በአንድ ሌሊት ተሰናክሎ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ባንቀሳቀሱ ጊዜ፣ ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር ያህል እንደ ተወሰደ ገለጸ፤ ዋለ አደረና አብዛኛውን አስመለሰ። ሊያስመልስ የቻለው እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በአንድ ሰው ስምና ሰዓት ተመዝግቦ ስለ ነበር ነው። በትንሹ ቤትም እንዲሁ፣ ጉግል ድራይቭ የሰነዱን የቀድሞ መልክና ያረመውን ሰው ስም ያስቀምጣል፤ የተጣለ ሰነድም 30 ቀን በቅርጫት ይቆያል። ስሙ እውነተኛ ካልሆነ ግን ይህ ሁሉ አይጠቅምም። የይለፍ ቃልን በጋራ መያዝ ባለሙያዎችንም ሳይቀር አሳስቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1966 በዚያው በማሳቹሴትስ ተቋም ሁለት አስተዳዳሪዎች በአንድ ጊዜ ሁለት ፋይል ሲያርሙ ፋይሎቹ ተለዋውጠው፣ የዕለቱ ማስታወቂያ ሊወጣበት በሚገባው ቦታ የሁሉም ተጠቃሚዎች የይለፍ ቃል ወጥቶ ነበር።

ስለ ጋራ ማኅደር ተነግሮ ቴሌግራም ሳይነሣ ቢቀር ነገሩ ጐዶሎ ይሆናል፤ በኢትዮጵያ እጅግ ብዙ ንግድ ቤት ሰነዱን የሚለዋወጠው በቴሌግራም ቡድን ነውና። ለፈጣን መልእክት ይመቻል፤ ለሰነድ ማኅደርነት ግን አልተሠራም። በቡድን ውስጥ የተላከ የደመወዝ ሠንጠረዥ በእያንዳንዱ አባል ስልክ ላይ ይወርዳል። አባሉ ከቡድን ቢወጣ የወረደው ከስልኩ አይወጣም። አስተዳዳሪው የቀድሞውን ታሪክ ለአዲስ አባላት ክፍት ካደረገው፣ ዛሬ የገባ ሰው የሦስት ዓመቱን ሁሉ ያነባል። መልእክት ማስተላለፍና ማስቀመጥን የሚከለክል ማስተካከያ አለ፤ ቢሆንም የስልክን ገጽ በሌላ ስልክ ፎቶግራፍ ከማንሣት የሚያግድ የለም። ስለዚህ በቡድኑ ውስጥ ሰነዱን ራሱን ከመላክ ይልቅ በማኅደሩ ያለበትን ቦታ፣ በስም ለተፈቀደላቸው ብቻ የሚከፈት ሊንክ አድርጎ መላክ ይበልጣል። እንዲህ ሲሆን ፈቃዱ ቢሻር ሊንኩ በእጁ ላለው ሰው ባዶ ነው።

መሻር ከመስጠት ይከብዳል፤ የሚያስታውሰው የለምና። ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ ክሊራንስ የሚባለው ወረቀት ይዞ ከክፍል ወደ ክፍል ይዞራል። ንብረት ክፍል ዕቃ እንደሌለበት ይፈርማል፤ ገንዘብ ያዥ ብድር እንደሌለበት ይፈርማል፤ ዩኒፎርም ይመልሳል፤ ቁልፍ ያስረክባል። በብዙ ቤት ወረቀት ላይ «የጋራ ማኅደር ፈቃድ ተሽሯል» የሚል መስመር ግን የለም። ይህን አንድ መስመር መጨመር በዚህ ጽሑፍ ከተነገረው ሁሉ ርካሹና ጥቅሙ ፈጣን የሆነው ነው። የሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የተሰናባቹን ክፍያ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲከፍል ያዝዛል፤ ፈቃዱ ግን እስከዚያ ሊቆይ አይገባም፤ ቁልፉ በተረከበበት ሰዓት አብሮ ይሻር። አሻሻሩም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ በሠራተኛው ስም ያሉት ሰነዶች ባለቤትነት ይዛወራል፤ ቀጥሎ ከቡድኖቹ ይወጣል፤ ከዚያም በስሙ ለብቻ የተሰጡት ፈቃዶች ይፈለጋሉ፤ በመጨረሻ የሚያውቃቸው የጋራ የይለፍ ቃሎች ካሉ ይለወጣሉ። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ያስቀደመ ቤት የሰነዱን ባለቤት አሰናብቶ ሰነዱን ያጣል።

ለጊዜው የሚመጣ ሰው የሚረሳው ከሁሉ በበለጠ ነው። ከወልድያ ዩኒቨርሲቲ ለልምምድ የሚላክ ተማሪ፣ ዓመታዊ ሒሳብ ሊመረምር የሚመጣ ኦዲተር፣ የግብር ማስታወቂያ የሚያዘጋጅ የሒሳብ ባለሙያ፣ እነዚህ ሁሉ ሥራቸው ሲያልቅ ክሊራንስ አይዞሩም። ለድርጅት በሚሸጡት አገልግሎቶች ፈቃድ ሲሰጥ የሚያበቃበትን ቀን አብሮ መወሰን ይቻላል፤ ለእንደነዚህ ያሉት ያለ ቀን መስጠት አይገባም። በነፃው አገልግሎት ይህ ስለማይገኝ፣ በጠረጴዛ ቀን መቍጠሪያ ላይ መጻፍ ያው ጥቅም ይሰጣል።

ሕጉም ከጉዳዩ አልራቀም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ከተሰጠ ፈቃድ በላይ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትንም ወንጀል አድርጎታል። እንግዲህ ፈቃዱ በግልጽ ካልተወሰነ «ከፈቃድ በላይ» የሚለውን ማስረዳት ለከሳሹ አስቸጋሪ ይሆናል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ሸክሙን ወደ ንግድ ቤቱ ያዞራል፤ የደንበኛንና የሠራተኛን ስም፣ ስልክ፣ ደመወዝና የመሳሰለውን የያዘ ሁሉ ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያስገድዳል፤ አፈጻጸሙን የሚቈጣጠረውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሦስት መቶ ባለዱቤዎች ስምና ዕዳ በክፍት ሊንክ የተወ ነጋዴ «አላወቅሁም» ቢል አይበቃውም።

በሰሜን ወሎ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ይኸውም የመገናኛ መቋረጥ ነው። በሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ይታወሳል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በሩቅ ያለ ማኅደር አይከፈትም፤ ፈቃድ መስጠትም መሻርም አይቻልም። ከዚህ የሚከተሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ዋና ዋናዎቹ መዛግብት በየሳምንቱ በዲስክ ተገልብጠው አንዱ በወልድያ፣ አንዱ በመርሳ በቁልፍ ይቀመጡ፤ ዲስኩም የይለፍ ቃል ይኑረው፤ ያለዚያ የፈቃድ ዝርዝሩን በጓሮ በር ማለፊያ ነው። ሁለተኛው፣ የማስተዳደር ሥልጣን በአንድ ሰውና በአንድ ከተማ ብቻ አይወሰን። ሁለተኛው አስተዳዳሪ በአዲስ አበባ ወይም በደሴ የሚኖር የቤቱ ሸሪክ ቢሆን፣ በወልድያ መሥመር ሲቋረጥ የተሰናበተን ሰው ፈቃድ እርሱ ሊሽር ይችላል። በሠራተኛው መሣሪያ ላይ ያለ ኢንተርኔት እንዲነበብ የተቀመጠ ቅጂ ግን መሣሪያው ዳግም እስኪገናኝ ድረስ እንደማይጠፋ መታወቅ አለበት፤ ስለዚህ የቤቱ ላፕቶፕና ስልክ ከሠራተኛው ጋር አይሄዱም።

የአስተዳዳሪው ስልክ ራሱ ቢጠፋስ? የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባለው ጥበቃ ከይለፍ ቃሉ ሌላ በስልክ የሚመጣ ቍጥር ይጠይቃል፤ ጠቃሚ ነው፤ ስልኩ ከጠፋ ግን ባለቤቱንም በር ላይ ያቆመዋል። ለዚህ ጉግል 10 የመጠባበቂያ ቍጥሮች ይሰጣል፤ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላል። እነዚህ ታትመው በፖስታ ይታሸጉ፤ በማሸጊያው ላይ ሁለት ሰዎች ይፈርሙ፤ ፖስታውም በካዝና ይቀመጥ። በብዙ የመንደር ቁጠባ ማኅበር የገንዘብ ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ ኖሮት ሦስት ሰዎች እንደሚይዙት ሁሉ፣ ይህም ብቻውን የሚከፍት ሰው እንዳይኖር ነው።

የፈቃድ ዝርዝር በየሦስት ወሩ መመርመር አለበት፤ አሥር ሠራተኛ ላለው ቤት ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ሥራ አስኪያጁና የሒሳብ ሠራተኛው አብረው ተቀምጠው በወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ ያሰምራሉ፤ ማኅደር፣ ሥራ መደብ፣ የፈቃድ ደረጃ። ዝርዝሩን መጀመሪያ ከትውስታ ይሞሉታል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ኮምፒውተሩን ከፍተው ያነጻጽራሉ። ከኮምፒውተሩ ጀምሮ መገልበጥ አይረዳም፤ ያለውን ሁሉ ትክክል አድርጎ ያሳያልና። በኮምፒውተሩ ኖሮ በወረቀቱ የሌለ ስም ሲገኝ እዚያው ይወጣል፤ የሚያስፈልገው ሰው ከሆነ በማግሥቱ ራሱ መጥቶ ይጠይቃል። በሊንክ የተከፈተው ሁሉ ይዘጋል። ባለቤቱ የንግድ ቤቱ ያልሆነ ሰነድ ቢገኝና ባለቤቱ ከሄደ ቈይቶ ከሆነ፣ ሰነዱ ሳይውል ሳያድር ተገልብጦ በቤቱ ስም ይቀመጣል፤ ለቀድሞው ሠራተኛም ስልክ ተደውሎ ባለቤትነቱን እንዲያስተላልፍ ይጠየቃል። ወረቀቱ ቀን ተጽፎበት፣ ሁለቱ ፈርመውበት ከክሊራንስ ቅጾቹ ጋር በአንድ ፋይል ይታሰራል።